የአሬኒየስ የዶክትሬት ጽሑፍ በእርግጥ ወድቆ ነበር?

ጥያቄው፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ስናገር ተማሪዎቼን ለማበረታታት አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ የዶክትሬት ጽሑፉን መምህራኑ ጣሉበት፣ እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ በዚያው ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት አገኘ የሚል። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ‹መምህራኑ ያን ያህል የተማሩ ከነበሩ ለምን አልገባቸውም?› ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ሌላ ተማሪ ደግሞ ‹ጨው ወደ አዮን የሚለያየው ባትሪ ስናገናኝበት ነው ወይስ አስቀድሞ?› አለኝ። እኔ በባትሪው ኃይል ነው ብዬ አስተምሬ ነበር። የአሲድና የቤዝ ትርጉሙስ በብሮንስቴድና በላውሪ ትርጉም ከተተካ በኋላ አሬኒየስን ማስተማር ምን ይጠቅማል? ብተወውስ?»

የባትሪው ጥያቄ ይቅደም፤ እዚያ ላይ ያለው ስህተት ካልታረመ ስለ አሬኒየስ የሚነገረው ሁሉ ትርጉም ያጣልና። አዮኖቹ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያላቸው ቅንጣቶች፣ ባትሪው ከመገናኘቱ በፊት በውሃው ውስጥ አሉ። ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ወዲያውኑ ይለያያሉ፤ ባትሪው የሚያደርገው አስቀድመው ነጻ የወጡትን አዮኖች ወደየምሰሶአቸው መሳብ ብቻ ነው። እርስዎ ያስተማሩት ሐሳብ ግን ያልተማረ ሰው ስህተት አይደለም። «አዮን» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1834 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ማይክል ፋራዴይ ራሱ የሟሟውን ነገር የሚለያየው የኤሌክትሪኩ ኃይል ነው ብሎ ያምን ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሬኒየስ የገለበጠው ይህንኑ እምነት ነው። በባትሪ ይለያያል ብሎ ያስተማረ መምህር ስለ አሬኒየስ እየተናገረ ከአሬኒየስ በፊት ወደነበረው ዘመን ተማሪዎቹን ይመልሳቸዋል።

ማስረጃው እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ሞለኪውሉን መስበር ቢኖርበት ኖሮ ለመስበሪያ የሚበቃ ቮልቴጅ እስኪደርስ ድረስ ምንም ባላለፈ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በድንገት በጎረፈ ነበር። በኤሌክትሮዶቹ (ውሃው ውስጥ በሚነከሩት ምሰሶዎች) ገጽ ላይ የሚፈጠረው እንቅፋት ሲወገድ ግን የጨው ውሃ እጅግ ደካማ ለሆነ ቮልቴጅ እንኳን በኦም ሕግ መሠረት፣ ማለትም ከቮልቴጁ ጋር በተመጣጣኝ፣ ያስተላልፋል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ይህን በ1857 አይቶ ጥቂት ነጻ አዮኖች ሁልጊዜ መኖር አለባቸው አለ። በክፍል ውስጥ አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ሲሞክሩ አምፖሉ አልበራም ብለው እንዳይደናገሩ አደራ። በእርሳስ ካርቦን ኤሌክትሮዶች ላይ ጋዝ ለማውጣት ቢያንስ መድረስ ያለበት የቮልቴጅ መጠን አለ፤ ያ ግን በኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ ለሚካሄደው ለውጥ የሚከፈል ዋጋ እንጂ ጨውን ለመለያየት የሚከፈል አይደለም። ብዙ መምህራንን ወደ ስህተቱ የሚመራቸው ይህ የሁለት ነገሮች መደባለቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ጽሑፉ አልወደቀም፤ በዝቅተኛ ማዕረግ አለፈ። አሬኒየስ በ1859 በኡፕሳላ አቅራቢያ ተወለደ፤ አባቱ ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የመሬት ቀያሽ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲማር በፊዚክስ መምህሩ በታሌንም በኬሚስትሪ መምህሩ በክሌቭም አልረካም፤ ስለዚህ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በሳይንስ አካዳሚው ሥር በነበረው በኤሪክ ኤድሉንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራት ጀመረ። እጅግ በቀጠኑ የጨው፣ የአሲድና የቤዝ ውሃዎች ላይ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ችሎታን ለካ፤ ውጤቱን በፈረንሳይኛ 150 ገጽ ያህል አድርጎ በ1884 ለኡፕሳላ አቀረበ። የተሰጠው አራተኛ ደረጃ ነበር፤ የቃል ክርክሩ ከጽሑፉ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ውጤት አገኘ። ዶክተር ለመባል በቂ ነው፤ በስዊድን ዩኒቨርሲቲ የማስተማርን በር ለመክፈት ግን በቂ አልነበረም። ሰውየው መጎዳቱ እውነት ነው። «ጣሉበት» ግን እውነት አይደለም።

የተማሪዋ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ በሚገባ ሊመለስላት ይገባል። መምህራኑ ለምን አልገባቸውም? አንደኛው ምክንያት ያልተነገራቸው በመሆኑ ነው። በ1884ቱ ጽሑፍ ውስጥ «ጨው በውሃ ውስጥ ወደ ነጻ አዮኖች ይለያያል» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር ፈልገው አያገኙም። አሬኒየስ የተናገረው የሟሟው ነገር «ንቁ» ክፍልና «ንቁ ያልሆነ» ክፍል እንዳለው፣ ንቁ የሆነው ብቻ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ፣ ውሃው በቀጠነ ቁጥር የንቁው ድርሻ እንደሚያድግ ነው። ንቁው ክፍል ምን እንደሆነ በድፍረት አልገለጸም። ስለዚህ በኖቤል የተሸለመው ሐሳብ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ገና ጽንስ ነበር። «በዚያው ጽሑፍ ተሸለመ» የሚለውም በዚህ ምክንያት መታረም አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት መምህራኑ የነበራቸው ተቃውሞ እውነተኛ መሆኑ ነው። ሶዲየም ውሃ ሲነካ የሚቀጣጠል ብረት ነው፤ ክሎሪን አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ መርዘኛ ጋዝ ነው። ሁለቱ በአንድ ብርጭቆ የጨው ውሃ ውስጥ ተለያይተው ይኖራሉ ቢባል በዚያን ጊዜ ማን ያምን ነበር? እኛ ዛሬ ሙል ያለው የሶዲየም አዮን ከሶዲየም አተም ፈጽሞ የተለየ ጠባይ እንዳለው፣ ልዩነቱም የአንድ ኤሌክትሮን መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ኤሌክትሮን በጆሴፍ ጆን ቶምሰን የታወቀው በ1897፣ ከጽሑፉ 13 ዓመት በኋላ ነው። ሌላም ጠንካራ ጥያቄ ነበረ፤ ፖዚቲቭና ኔጌቲቭ ሙል እርስ በርስ የሚሳሳቡ ከሆነ ማን ለያያቸው? የመለያያውን ጉልበት ማን ከፈለ? መልሱ የውሃ ሞለኪውሎች እያንዳንዱን አዮን ከበው መያዛቸው ነው፤ ይህን አሬኒየስ ራሱ በወቅቱ አላስረዳም። ክሌቭና ታሌን ሞኞች አልነበሩም። ያልተሟላ ማስረጃ ቀረበላቸው፤ እነርሱም ያልተሟላ ነው አሉ። ስህተታቸው ውስጡ የነበረውን እሳት አለማየታቸው ነው።

እሳቱን ያየው በሪጋ (በዛሬዋ የላትቪያ ዋና ከተማ) ያስተምር የነበረው ኬሚስት ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነው። አሬኒየስ ጽሑፉን ለታወቁ የውጭ ሊቃውንት ልኮ ነበር። ኦስትቫልድ በዚያን ጊዜ የተለያዩ አሲዶች የኬሚካል ለውጥን ምን ያህል እንደሚያፋጥኑ ይለካ ነበር፤ የእርሱ የፍጥነት ቁጥሮችና የአሬኒየስ የኤሌክትሪክ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ሄዱ። ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ አሲድ ለውጥንም በደንብ ያፋጥናል። በዚያው 1884 በጋ ኦስትቫልድ ራሱ ወደ ኡፕሳላ ተጉዞ አሬኒየስን አገኘው፤ በሪጋ ሥራም አቀረበለት። የአሬኒየስ አባት ታምሞ ስለነበር እርሱ አልሄደም። ሆኖም የውጭ ሊቅ ይህን ያህል ዋጋ መስጠቱ በኡፕሳላ የፊዚካል ኬሚስትሪ መምህርነት እንዲሰጠው አደረገ። ቀጥሎ ከሳይንስ አካዳሚው ባገኘው የጉዞ ድጋፍ ከ1886 ጀምሮ በሪጋ ከኦስትቫልድ፣ በቩርትስቡርግ ከኮልራውሽ፣ በግራትስ ከቦልትስማን፣ በአምስተርዳም ከሆላንዳዊው ኬሚስት ከቫንት ሆፍ ዘንድ ሠራ። ይህን ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው። «ብቻውን ታግሎ አሸነፈ» የሚለው ታሪክ እነዚህን ሰዎች ሁሉ ይሰርዛቸዋል።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው ከቫንት ሆፍ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቁጠር። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ አንድ ሞል (ሞል የተወሰነ የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው) የሚሆን ነገር ቢሟሟ ውሃው በረዶ የሚሆንበት የሙቀት መጠን በ1.86 ዲግሪ ይወርዳል። የሚያስገርመው የነገሩ ዓይነት ለውጥ አለማምጣቱ ነው፤ ስኳርም ይሁን አልኮል፣ የሚቆጠረው የቅንጣቶቹ ብዛት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ አሥረኛ ሞል ስኳር 0.186 ዲግሪ ያህል ያወርዳል። አንድ አሥረኛ ሞል የገበታ ጨው ግን 0.35 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ካልሲየም ክሎራይድ በጣም ሲቀጥን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ቫንት ሆፍ ይህን ከሕጉ ማፈንገጥ አይቶ ለማስተካከያ አንድ ማባዣ ቁጥር አስገብቶ ነበር፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አላወቀም። አሬኒየስ አወቀ። ጨው እጥፍ የሚያወርደው እጥፍ ቅንጣቶች ስላሉት ነው፤ ካልሲየም ክሎራይድ ሦስት እጥፍ የሚያወርደው አንዱ ሦስት ስለሚሆን ነው። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ልኬት ውስጥ ባትሪ የለም። ቴርሞሜትርና በረዶ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን መንገዶች አገናኘ። ከኤሌክትሪክ ልኬት የተለያየውን ድርሻ አሰላ፤ ከበረዶው ልኬትም ያንኑ ድርሻ ለብቻው አሰላ፤ ለበርካታ ነገሮች ቁጥሮቹ ተቀራረቡ። ይህ በ1887 ኦስትቫልድና ቫንት ሆፍ በጀመሩት የፊዚካል ኬሚስትሪ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ወጣ። የተለያየ ጠንካራ አሲድና ጠንካራ ቤዝ ሲገናኙ ሁልጊዜ በሞል 57 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት የሚወጣበት እንቆቅልሽም በአንድ ጊዜ ተፈታ፤ አሲዱም ቤዙም ምንም ይሁን፣ በእውነት የሚሆነው የሃይድሮጂን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ተገናኝተው ውሃ መሆናቸው ነውና። በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለዚህ ለዳበረው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ስዊድናዊም ሆነ። የቀድሞ መምህሩ ክሌቭ በዚያን ጊዜ በኖቤል የኬሚስትሪ ኮሚቴ ውስጥ ነበር፤ ሽልማቱንም ደገፈ። የተማሪዋ ጥያቄ ሙሉ መልስ ያለው እዚህ ነው፤ ማስረጃው ሲሟላ መምህሩም ገባው።

ንድፈ ሐሳቡ ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያድበሰብሱት ይህንን ነው። አሬኒየስ ጠንካራ ጨዎችም ልክ እንደ ደካማ አሲድ ከፊላቸው ተለያይቶ ከፊላቸው እንዳልተለያየ አድርጎ አሰላ። ለአሴቲክ አሲድ (በአቸቶ ውስጥ ላለው አሲድ) ይህ በትክክል ይሠራል። ለገበታ ጨው አይሠራም። በ1913 ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ በኤክስሬይ የጨውን ክሪስታል ሲያዩ የተናጠል ሞለኪውል ጭራሽ አልነበረበትም፤ ደረቁ ጨው ራሱ የአዮን ድርድር ነው። በ1923 ዴባይና ሁከል ጨው በቀጭን ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተለያየ መሆኑን፣ ከሁለት እጥፍ የጎደለው የሚመስለውም አዮኖቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ በክፍል ውስጥ «የጨው ሞለኪውል በውሃ ተሰበረ» አይበሉ። «አስቀድመው የነበሩት አዮኖች በውሃው ተላቀቁ» ይበሉ። ለአሲድ ግን «ሞለኪውሉ ተለያየ» ማለት ትክክል ነው፤ ለምሳሌ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳለ በእርግጥ ሞለኪውል ነው፤ አዮኖቹን የሚፈጥረው ከውሃው ጋር መገናኘቱ ነው።

የአሬኒየስን የአሲድና የቤዝ ትርጉም (አሲድ በውሃ ውስጥ የሃይድሮጂን አዮን፣ ቤዝ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል የሚለውን) በተመለከተ፣ ተተካ ከማለት ተጠቀለለ ማለት ይሻላል። በ1923 ብሮንስቴድና ላውሪ በየፊናቸው ያቀረቡት ትርጉም (አሲድ ፕሮቶን ማለትም የሃይድሮጂን አዮን የሚሰጥ፣ ቤዝ ደግሞ የሚቀበል ነው የሚለው) ሰፊ ነው፤ ውሃ በሌለበትም ይሠራል፤ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ የሌለው አሞኒያ ለምን ቤዝ እንደሆነም ያስረዳል። አሬኒየስ በዚህ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ላለ ነገር ሁሉ፣ ለሆድ አሲድም ለአፈር ጨዋማነትም ለመኪና ባትሪም፣ የእርሱ ሥዕል ዛሬም የምንሠራበት ነው። ተማሪው ነጻ አዮን የሚባለውን ሳይረዳ ወደ ፕሮቶን ቅብብል ቢዘል ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩን አያገኘውም።

ስለ አሬኒየስ ሲያስተምሩ የ1889ኙን ሥራም አይዝለሉት። ስኳር በአሲድ ሲፈርስ ፍጥነቱ ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ አጥንቶ፣ ለውጥ የሚያመጡት በቂ ጉልበት ያገኙ ጥቂት ሞለኪውሎች ብቻ ናቸው አለ፤ አክቲቬሽን ኢነርጂ የምንለው ከዚህ ተወለደ። ፍጥነትን ከሙቀት ጋር የሚያገናኘውን ቀመር ቅርጽ ቫንት ሆፍ በ1884 አስቀድሞ አቅርቦት ነበር፤ ትርጉም የሰጠው አሬኒየስ ነው። «ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል» የሚለውን እንደ ሕግ የሚያስተምሩ ከሆነ ያቁሙ። በክፍል ሙቀት፣ በ25 ዲግሪ ገደማ፣ እጥፍ የሚሆነው አክቲቬሽን ኢነርጂው በሞል 50 ኪሎ ጁል አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው፤ 20 ሲሆን 1.3 ጊዜ፣ 100 ሲሆን 3.7 ጊዜ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ 100 ኪሎ ጁል የሚጠይቅ ለውጥ በባሕር ጠረፍ ካለው ፍጥነት በግማሽ ብቻ ይሄዳል። ተማሪዎችዎ ባቄላ በደጋ ለምን እንደሚዘገይ ከዚህ ሊያሰሉት ይችላሉ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አላውቅም።

ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልጨምር። በ1896 በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢያድግ ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ትሞቃለች ብሎ በእጁ ማስላቱ የሚደነቅ ነው፤ ዋና ጥያቄው ግን ያለፈው የበረዶ ዘመን ምክንያት ነበር፤ ለቀዝቃዛ አገሩ ሙቀቱ መልካም ይመስለውም ነበር። ስለዚህ «ነቢይ» አያድርጉት። ከዚህ የከበደም አለ፤ አሬኒየስ በ1909 የተመሠረተው የስዊድን «የዘር ንጽሕና» ማኅበር የቦርድ አባል ነበር። ይህ ማኅበር የሰውን ልጅ በዘር የሚያበላልጥ የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ያራምድ ነበር፤ እኛ አፍሪካውያን ይህን አውቀን ሳለን ለልጆቻችን ዝም ልንል አይገባም። የበረዶው ልኬት በዚህ ምክንያት አይሳሳትም፤ ሰውየውን ግን እንደ አርአያ ሙሉ አድርገን አናቅርበው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ አሬኒየስን አይተዉ፣ የሚያስተምሩበትን መንገድ ግን ይለውጡ። «ወድቆ ተነሣ» በሚለው አይጀምሩ። ስኳር 0.186፣ ጨው 0.35 የሚሉትን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፈው ለምን ይሆን ብለው ይጠይቁ፤ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይስጧቸው። ከዚያ በኋላ ብቻ የኤሌክትሪኩን ሙከራ ያሳዩ፤ የክሌቭንና የታሌንን ተቃውሞ አንስተው ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲከራከሩበት ያድርጉ። የአሲድ ትርጉም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይደርሳል።

ለሙከራው ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት፣ ከ330 እስከ 470 ኦም የሆነ ሬዚስተር፣ ሁለት የእርሳስ ካርቦን ይበቃሉ። የግድግዳውን 220 ቮልት በምንም ምክንያት አይጠቀሙ፤ ከአምፖል ጋር በተያያዘ ባዶ ሽቦ ይህን ሙከራ ማሳየት በጣም የተለመደ ነው፤ ሰው ይገድላል። የጨው ውሃው ውስጥ ሲቆይ ክሎሪን ስለሚያወጣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይንከሩት፤ መስኮት ይክፈቱ። ንጹሕ ውሃ ለማወዳደር ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ መግዛት ይቻላል፤ ሻጩ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎ ጽሑፉን ራስዎ ያንብቡ። በአንዱ ብርጭቆ 5 በመቶ የሆነ አቸቶ፣ በሌላው በሊትር 48 ግራም ገደማ ጨው የሟሟበት ውሃ ያድርጉ። በሁለቱም በሊትር የሟሟው የሞል ብዛት አንድ ነው፤ 0.8 ገደማ። በጨው ውሃው መብራቷ ደምቃ ትበራለች፤ በአቸቶው ትደክማለች፤ ከ200 የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች የተለያየው አንዱ ያህል ብቻ ነውና። የተቀሩት 199 ለምን እንዳልተለያዩ ያቺ ተማሪ መጠየቋ አይቀርም፤ የኦስትቫልድን የ1888 የማቅጠን ሕግ፣ ደካማ አሲድ ሲቀጥን የሚለያየው ድርሻ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሰላውን፣ አዘጋጅተው ይጠብቋት።